ሾተላይ አለባት ይሏት ነበር

ሱሉልታ ላደገ ሰው ስለ ወተት ማስረዳት አያስፈልግም። እንጦጦን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ያ ሜዳ ይዘረጋል፤ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፣ መስከረም ላይ ሳሩ ጉልበት ይደርሳል። እናቴ ሁለት ላሞች ነበሯት። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ታልባለች፣ 12 ሰዓት ሲሆን ወተት ሰብሳቢው በር ላይ ነው። ደብተራችን ከወተት ነው፣ ጫማችንም ከወተት። የታመመ ስንጠይቅ፣ አራስ ስንጠይቅ ይዘን የምንሄደውም እሱኑ ነው።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ወተት የሚጎዳቸውን ሕፃናት ሳጠና ነው። ሙያው በዘር የሚተላለፉ የሜታቦሊዝም በሽታዎች ጥናት ይባላል፤ የበላነው ምግብ ሰውነታችን ውስጥ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው በሚለወጥበት መንገድ ላይ ከውልደት ጀምሮ አንድ ነገር ሲጎድል የሚመጡ በሽታዎች ማለት ነው። ሰዎች "እንዴት እዚህ ውስጥ ገባሽ?" ሲሉኝ ኬሚስትሪ እንደምወድ እነግራቸዋለሁ። እውነት ነው፣ እወዳለሁ። መነሻዬ ግን ከአጥራችን ማዶ ትኖር የነበረች ሴት ናት።

ስሟን አልጽፍም። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ሦስተኛ ልጇን ወለደች። ከዚያ በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱም ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው ሞተውባታል። ሰፈሩ "ሾተላይ አለባት" ይላል። ይህን ቃል ሳይሰማ ያደገ ያለ አይመስለኝም። ልጅ የማይበረክትላት፣ ወልዳ ወልዳ የምትቀብር ሴት ሾተላይ አለባት ይባላል። የበሽታ ስም ይመስላል፤ ሰፈር ውስጥ ሲነገር ግን የሴትየዋ ስም ይሆናል። እሷን ሠርግ ላይ ሙሽራ አጠገብ አያስቀምጧትም ነበር። እርጉዝ ሴት ስታያት መንገድ ስትቀይር በዓይኔ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ወንድ ነበር። ሲወለድ ጤነኛ ነው፣ ለቅሶው እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። በአምስተኛው ቀን የጠባውን መልሶ ያወጣል አሉ። ከዚያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። እናቴ "ጡቷ ቢያንሳት ነው፣ ምን በልታ ታጥባው" ብላ ጠዋት ጠዋት አንድ ጣሳ ወተት በእኔ ትልክ ጀመር። ጣሳው ይሞቃል፣ አረፋው ገና አልጠፋም፣ እንዳይፈስ በሁለት እጄ ይዤ በአጥሩ ቀዳዳ እሾልካለሁ። አፍልተው በማንኪያ ይሰጡት ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ለቅሶው ቀረ። እናቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጡቷ ወተት እያፈሰሰ ቀሚሷን ሲያረጥበው አስታውሳለሁ። ጣሳውን ባዶውን ይዤ ተመለስኩ።

ባሏም ብዙ አልቆየም። ሽማግሌ ተቀምጦ ተፋቱ። እሱ ሌላ አግብቶ አምስት ልጅ ወለደ፣ አምስቱም አደጉ። ይኼ ለሰፈሩ ማረጋገጫ ሆነ። ነገሩ ከእሷ ነበር ተባለ፣ በዚያው ተዘጋ።

አሁን ጤና ጣቢያ ብትሄዱ ሾተላይ የሚሉት አንድ የታወቀ ነገር ነው። የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን የእናት ሰውነት የልጁን ቀይ የደም ሴል እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃው ነገር ያመርታል። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ልጅ ይተርፋል፤ የሚጎዱት ተከታዮቹ ናቸው። መከላከያ መርፌ አለው፤ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ለእናት ይሰጣል። እርጉዝ የሆናችሁ፣ የደም ዓይነታችሁን እወቁ። ይህ መርፌ የስንቱን ቤት ለቅሶ አስቀርቷል።

ግን ሰው በዚህ ቃል የሚጠራው ነገር መርፌው ከሚደርስበት በጣም ይሰፋል። የጎረቤታችን የመጀመሪያ ልጅም ሞቷል እኮ። ሲወለዱ ደህና ነበሩ፣ መታመም የጀመሩት መጥባት ከጀመሩ በኋላ ነው፣ ሦስቱም በአንድ ዓይነት መንገድ ሄዱ። ሾተላይ አንድ በሽታ አይደለም። ብዙ በሽታ ተጠቅልሎ የተቀበረበት አንድ ቃል ነው፤ የእኔ ሥራ ሁሉ፣ ወደ ኋላ ሳየው፣ ያንን ጥቅል መፍታት ነው።

አራት ኪሎ ኬሚስትሪ ስማር የባዮኬሚስትሪ መምህራችን አንድ ቀን ስለ ወተት ስኳር አስተማረን። የወተት ስኳር ላክቶስ ይባላል፤ አንጀት ውስጥ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ አንዱ ግሉኮስ፣ ሌላው ጋላክቶስ ነው። ግሉኮሱን ሰውነት ወዲያው ይጠቀምበታል። ጋላክቶሱ ግን መጀመሪያ መለወጥ አለበት። ያንን መንገድ ያወቁት ሉዊስ ሌሎይር የሚባሉ አርጀንቲናዊ ሳይንቲስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ነው፤ ቦነስ አይረስ ውስጥ ባለች ትንሽ ቤተ ሙከራ፣ በእርሾ ላይ ሠርተው ነው ያገኙት። እ.ኤ.አ. በ1970 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። እኝህን ሰው በጣም ነው የምወዳቸው። ዕቃ ስላልነበራቸው ብዙ ነገር በእጃቸው እየሠሩ ነበር የሚጠቀሙት።

መምህራችን ቀጠለ። በዚህ መንገድ ላይ አንዱ ኢንዛይም፣ ማለትም ለውጡን የሚያካሂደው ፕሮቲን፣ ከጎደለ ጋላክቶሱ በግማሽ መንገድ ይቆማል፣ ይጠራቀማል፣ ጉበትን ይመርዛል። ሕፃኑ ሲወለድ ጤነኛ ነው። ወተት ከጀመረ ከጥቂት ቀን በኋላ ያስመልሰዋል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይደክማል፣ ኢንፌክሽን ይገባበታል፣ ዓይኑ ላይ ሞራ ሊጋርደው ይችላል። ካልተደረሰለት ይሞታል። በሽታው ጋላክቶሴሚያ ይባላል። የእናት ጡትም ያው ነው አለን፤ እንዲያውም በ100 ሚሊ ሊትር የእናት ወተት ውስጥ ወደ 7 ግራም ላክቶስ አለ፣ በላም ወተት ውስጥ 5 እንኳን አይሞላም።

ደብተሬ ላይ የዚያን ቀን ማስታወሻ እዚያ ጋ ያቆማል። ቀጥሎ ምን እንዳስተማረ አላውቅም። እኔ የማስበው ጣሳውን ነበር።

(አንድ ነገር እዚህ ጋ ልበል፤ ሁሌ ስለምጠየቅ። ትልቅ ሰው ሆናችሁ "ወተት አይስማማኝም፣ ሆዴን ይነፋኛል" የምትሉት ሌላ ነገር ነው። እሱ አንጀት ላክቶስን መሰንጠቅ ሲያቅተው የሚመጣ ነው፤ ያስቸግራል እንጂ አይገድልም።)

ለሦስተኛ ዲግሪ ኖርዌይ ሄድኩ። የዚህ ሙያ አንድ ትልቅ ታሪክ የተጀመረው እዚያው ኦስሎ ነው። ቦርግኒ ኤግላንድ የምትባል እናት ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ሴቷ ሊቭ፣ ወንዱ ዳግ። ሁለቱም ሲወለዱ ደህና ነበሩ፣ እያደጉ ግን አእምሯቸው ወደ ኋላ ቀረ። እናትየዋ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ልጆቹ የተለየ ሽታ አላቸው፣ ሽንታቸው ይሸታል። ከሐኪም ሐኪም ዞረች፣ የሚሰማት አጣች። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1934 አስብዮርን ፎሊንግ የሚባል ሐኪም ሰማት። ኬሚስትሪም ያጠና ሰው ነበር። የልጆቹን ሽንት ወስዶ ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ ሲያደርግበት አረንጓዴ ሆነ። እንደዚያ ዓይነት ቀለም ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም። እናትየዋ ሽንት በሊትር በሊትር እያመላለሰችለት ከዚያ ውስጥ ፊኒልፓይሩቪክ አሲድ የሚባለውን ነገር ለይቶ አወጣ። ከዚያ 430 የአእምሮ ዝግመት ያለባቸውን ሰዎች መርምሮ ስምንት ሌሎች አገኘ። ዛሬ ፊኒልኬቶኑሪያ የምንለው በሽታ ነው።

ለሊቭና ለዳግ አልደረሰላቸውም። ሕክምናው የመጣው በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ እንግሊዝ በርሚንግሃም ውስጥ ነው፤ እዚያም በታሪኩ ውስጥ አንዲት እናት አለች። ጠዋት ጠዋት የሆርስት ቢከል ቤተ ሙከራ በር ላይ እየቆመች ለልጄ አንድ ነገር አድርጉ ትለው ነበር። በሽታው ምን እንደሆነ ነግረዋታል፤ እሷ የምትፈልገው ግን መድኃኒት ነው። ቢከልና ባልደረቦቹ ፊኒልአላኒን የተባለው፣ ሰውነቷ መለወጥ የሚያቅተው የፕሮቲን ክፍል የተቀነሰበት ምግብ ሠሩላት። ልጅቷ መዳህ፣ መቆም ጀመረች። በ1960ዎቹ ደግሞ ሮበርት ጋትሪ አሜሪካ ውስጥ ከጨቅላ ሕፃን ተረከዝ አንድ ሁለት ጠብታ ደም ወረቀት ላይ አድርቆ የሚመረመርበትን ዘዴ አመጣ። እሱም አባት ነው፤ የአእምሮ ዝግመት ያለበት ልጅ ነበረው፣ የሚስቱ እህት ልጅ ደግሞ ፊኒልኬቶኑሪያ ነበረባት።

ይህን ሁሉ የምተርከው እናቶቹን ስለማልረሳ ነው። በጽሑፎቻችን ላይ "ታማሚው ከዚህ ጀምሮ ምልክት አሳየ" ብለን እንጽፋለን። ማን ነው ያየው? እናት ናት። የእኛ ሰፈርም ሴት ወተት ሲገባ እንደሚያስመልሰው አይታ ነበር፤ ለእናቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ፣ "ሲጠባ ነው የሚብስበት" ብላ። ተናግራለች። እዚያ ቃል ላይ የሚያቆም ሰው አልነበረም።

ስመለስ ሥራው እንዳሰብኩት አልነበረም። የምርምር ገንዘብ ስጠይቅ አንድ ገምጋሚ "ወባና ቲቢ ባለበት አገር ይህ ቅንጦት ነው" ብሎ ጻፈልኝ። ተናድጄ ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ወባ አሳሳቢ አይደለም የሚል ማን አለ? ግን ያቺ የተረከዝ ጠብታ ለአንድ ብርቅ በሽታ ብቻ አይደለችም። ከተወለዱ ከ2,000 እስከ 4,000 ሕፃናት መካከል አንዱ የታይሮይድ እጥረት ይዞ ይወለዳል፤ በጊዜ ካልታወቀ አእምሮው ይጎዳል፣ ከታወቀ ግን መድኃኒቱ በየቀኑ የምትሰጥ ርካሽ ክኒን ናት። እሱም ከዚያችው ጠብታ ነው የሚታወቀው። ቅንጦት የሚለው ቃል እዚህ ጋ አይገባኝም።

ደግሞ ወረቀቱ። የደሙ ወረቀት ጠፍጣፋ ተዘርግቶ፣ ምንም ሳይነካው፣ ፀሐይ ሳያገኘው ሦስት አራት ሰዓት መድረቅ አለበት። ሐምሌ ላይ ሱሉልታ ውስጥ ደም ለማድረቅ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ልብስ በሳምንት አይደርቅም እኮ። መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እናቴ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶቹን በሁለት መጽሐፍ ጠርዝ ላይ አንጠልጥዬ ሌሊቱን በየሰዓቱ እየተነሳሁ አይቻቸዋለሁ። ሲደርቅ ቀዩ ወደ ቡናማ ይዞራል። ያኔ ነው ፖስታ ውስጥ የሚገባው። እናቴ "የሰው ልጅ ደም ቤቴ ውስጥ አደረ" ብላ መጀመሪያ አልወደደችውም፤ በኋላ ግን ድመቷ እንዳትወጣበት እሷ ነበረች የምትጠብቀው።

ከስምንት ዓመት በፊት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ከእነሱ ቤት ትንሽ ራቅ ብሎ የምትኖር አንዲት ወጣት እናት አለች፣ የመጀመሪያ ልጇ በ12 ቀኑ ሞቷል፣ አሁን የወለደችው ስምንት ቀኑ ነው፣ ያስመልሰዋል፣ ቢጫ ሆኗል። ወስደውት የነበረበት አንድ ክሊኒክ "ሾተላይ ነው" ብሏቸው መልሷቸዋል።

ሄድኩ። እናትየዋን የእርግዝና ክትትል ካርዷን ጠየቅኳት። ከፍራሽ ሥር አወጣችው። ኦ ፖዘቲቭ ይላል፤ መርፌው የሚከላከለው ዓይነት ሾተላይ አይደለም ማለት ነው። ካርዱ ላይ ተጽፎ ነበር። ያነበበው አልነበረም።

የልጁን ሽንት ይዤ ወደ ቤተ ሙከራ ሮጥኩ። ቤኔዲክት የሚባል ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ሊያስታውሰው ይችላል፣ ስኳር መኖር አለመኖሩን የምናይበት። 5 ሚሊ ሊትር ቀዳሁ፣ 8 ጠብታ ሽንት ጨመርኩ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ አቆምኩት። መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ብጫ። ከዚያ ከታች ጀምሮ እየጠቆረ መጣና የጡብ ቀለም ያዘ፣ ቱቦው ሥር እንደ ቀይ አፈር ተቀመጠ። በጎን ደግሞ ግሉኮስን ብቻ የሚለየውን የሽንት ወረቀት ነከርኩ። ቀለሙ አልተለወጠም። ስኳር አለ፣ ግን ግሉኮስ አይደለም። ይህ ማረጋገጫ አይደለም፣ ፍንጭ ነው፤ ጉበቱ የታመመ ሕፃን ሁሉ እንደዚህ ሊያሳይ ይችላል። ነገር ግን ወተቱን ለማስቆም በቂ ነው። ማረጋገጫውን እየጠበቁ ወተት መስጠት አይቻልም።

የማውቃት የሕፃናት ሐኪም የዚያኑ ቀን አስተኛችው። ደም ከመሰጠቱ በፊት ወረቀቱ ላይ አነጠብን፤ ምክንያቱም ኢንዛይሙ የሚለካው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው፣ የሌላ ሰው ደም ከገባ ውጤቱ ይበላሻል። ጡት ቆመ። በምትኩ ከአኩሪ አተር የተሠራ፣ ለጨቅላ ሕፃን ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ተፈለገ። (ቤት ውስጥ የሚፈላ የአኩሪ አተር ወተት ለጨቅላ አይሆንም፣ እባካችሁ።) አዲስ አበባን ስንት መድኃኒት ቤት ዞርን።

የአባትየው እናት ግን አልተዋጠላቸውም። "አንቺ ልጅ፣ ከእናቱ ጡት ነጥቀሽ የአተር ውሃ ልታጠጪው ነው?" አሉኝ።

"እማማ፣ ጡቷ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ልጁ ውስጥ የጎደለ ነገር አለ። ወተቱን የሚለውጥለት ነገር ጎድሎታል።"

"ከማን ነው የጎደለው?"

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ምራታቸው ወለል ወለሉን ታያለች። መልሱን የምታውቀው ይመስላታል።

"ከሁለቱም ነው እማማ። ልጅ ለእያንዳንዱ ነገር ሁለት ቅጂ ይወርሳል፣ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል፣ ሰውየው ጤነኛ ነው፣ መኖሩንም አያውቅም። ልጁ የሚታመመው ሁለቱም የተበላሸውን ሲሰጡት ነው።"

አባትየው በር ላይ ቆሞ ነበር። "ከእኔም?" አለ።

"ከአንተም።"

ዝም አለ። ከዚያ ሄዶ ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። እማማ ግን "ሰባት ቤት ቆጥረን ነው ያጋባናቸው!" አሉ። እውነታቸውን ነው። ያንን ሥርዓት ያወጡ ሰዎች አንድ ነገር አይተዋል። አርኪባልድ ጋሮድ የሚባል የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1902 ሽንታቸው ሲቆይ የሚጠቁር ሰዎችን አጥንቶ ብዙዎቹ የአጎትና የአክስት ልጆች ሆነው ከተጋቡ ወላጆች እንደተወለዱ አስተዋለ። የሜንዴል የዘር ውርስ ሕግ በሰው በሽታ ላይ መጀመሪያ የታየው እዚያ ነው፤ ሙያችንም ከዚያ ይቆጠራል። ዘመዳሞች አንድ ዓይነት የተበላሸ ቅጂ ከአንድ አያት ሊወርሱ ይችላሉ። ሰባት ቤት መቁጠር ያንን ዕድል በጣም ይቀንሳል። ግን ባዳ ከባዳም ጋር ሊገጥም ይችላል። ሲገጥም ደግሞ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ነው፤ ያለፈው ልጅ ታመመ አልታመመ፣ ለሚቀጥለው ዕጣው እንደ አዲስ ይወጣል። ለእማማ ይህን በአራት የባቄላ ፍሬ አስረዳኋቸው። ፍሬዎቹን ተቀብለውኝ ራሳቸው ደጋግመው ደረደሯቸው።

ማስመለሱ በሁለተኛው ቀን ቆመ። ቢጫው ቀስ እያለ ለቀቀ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ከውጭ ውጤቱ መጣ፤ ኢንዛይሙ የለም ማለት ይቻላል። ልጁ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ነው። ንግግሩ ዘግይቷል፣ ከእኩዮቹ ይልቅ ቃል ለማግኘት ይቸገራል፤ ይህ በሽታ በጊዜ ታክሞም እንኳን እንዲህ ዓይነት ነገር ሊተው ይችላል፣ ያንን አልደብቅም። ግን ይሮጣል፣ ኳስ ይጫወታል። ቤቱ ውስጥ የእሱ ምግብ ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ በዘይት። እማማ በፋሲካ ማግስት እንኳን ድስቱን ለይተው ለእሱ የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ቅቤ የነካ ማንኪያ ወደዚያ ድስት አይገባም።

ባለፈው ጥር እናቴ ጋ ሄጄ ነበር። ሱሉልታ አሁን ወደ ሸገር ከተማ ተጠቃሏል፣ አጥራችን ግንብ ነው፣ ቀዳዳው የለም። ያቺ ጎረቤታችን ግን አለች። አርጅታለች። ወተት ይዤላት አልሄድኩም፤ ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። ቡና አፈላችልኝ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ዕድሜዬን ሙሉ ምን እንደሠራሁ ነገርኳት። የልጆቿ ደም ስላልተመረመረ ዛሬ የበሽታውን ስም መስጠት እንደማይቻል ነገርኳት። ነገር ግን እንደዚያ ሆነው የሚታመሙ ሕፃናት እንዳሉ፣ ወተቱ እንደሚጎዳቸው፣ የእኔ ጣሳ ጭምር። እሱ ላይ ድምፄ አልወጣም። እጄን ያዘችኝ።

አራቱን ባቄላ ለእሷም ደረደርኩላት። ሁለቱ ከአንቺ፣ ሁለቱ ከእሱ አልኳት። ሦስት ጊዜ በተከታታይ እንዲህ መውደቁ ከ64 አንዴ ነው፤ ሌላ ያገባ ጊዜ ልጆቹ ቢያድጉም እሱ የለበትም ማለት አይደለም፣ አዲሷ ሚስቱ ያንን ቅጂ ስላልነበራት ነው ሊሆን የሚችለው አልኳት።

ባቄላዎቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ አንዱን በጣቷ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

"እሱስ ይኼን ያውቃል?" አለችኝ።